ቁር የማይወስደው

ከአንድ ፍጡር ላይ ሙቀቱን ሁሉ እስከ መጨረሻዋ ቅንጣት ድረስ ብንገፍፈው፣ ክብደቱም አብሮ ይገፈፋል ወይስ ብቻውን ይቀራል? ጥያቄው ላይ ላዩን ለሚያየው ሰው የፊዚክስ ተማሪ በፈተና ዋዜማ የሚያነሣው ይመስላል፤ ጠለቅ ብሎ ለሚመረምረው ግን የፍጥረትን ባሕርይ የሚነካ፣ ከፍጡር ሊወሰድ የሚችለው ምንድን ነው፣ ሊወሰድ የማይችለውስ ምንድን ነው ከሚለው ከጥንቱ የሃይማኖት ምርመራ ጋር አንድ ሥር ያለው ጉዳይ ነው። አንዳንዶች ሙቀት ማለት የቅንጣቶች መናወጥ ከሆነ፣ መናወጡ ሲያበቃ መሳሳቡም ያበቃል ብለው ይገምታሉ፤ ሌሎች ደግሞ ሙቀትና ስበት ከቶ የማይተዋወቁ ሁለት ነገሮች ናቸው ብለው ያልፉታል። ሁለቱም አሳብ ጐደሎ መሆኑን፣ የጐደለውም ነገር ለሃይማኖት ሰው ከፍ ያለ ትምህርት ያለው መሆኑን ስለማምን፣ ነገሩን ከሰሜን ተራሮች አንሥቼ እስከ ከዋክብት ድረስ ልከተለው እወዳለሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

የጎንደር ሊቃውንት ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩ መነሻቸው አራቱ ባሕርያት ናቸው። እሳት ውዑይና ይቡስ፣ ነፋስ ውዑይና ርጡብ፣ ውኃ ቁሩርና ርጡብ፣ መሬት ቁሩርና ይቡስ ይባላሉ፤ የሰው ሥጋም ከእነዚሁ ከአራቱ የተሠራ በመሆኑ፣ እርስ በርሳቸው የሚጣሉት ሙቀትና ቅዝቃዜ በአንድ ገላ ውስጥ ተስማምተው የሚኖሩት በፈጣሪ ጥበብ ነው ብለው ያመሠጥራሉ። እንግዲህ በዚህ ትምህርት ቁር የሙቀት መጕደል ሳይሆን እንደ ሙቀት ሁሉ ራሱን የቻለ ጠባይ ነው። መጽሐፈ ሄኖክም ለበረዱና ለውርጩ መዝገብ ወስኖላቸዋል፣ ውርጭም የራሱ መልአክ እንዳለው ይናገራል፤ ሄኖክ በራእዩ የገባበትም ቤት በአንድ ጊዜ እንደ እሳት የሚፋጅና እንደ በረዶ የሚቀዘቅዝ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 በየካቲት ወር ልማሊሞን ወጥቶ ጎንደር ከገባ በኋላ፣ በ1773 ወደ አውሮፓ ሲመለስ ይዞአቸው ከሄደው መጻሕፍት አንዱ ይኸው፣ ምሉዕ ሆኖ በግእዝ ብቻ የተጠበቀው መጽሐፈ ሄኖክ ነው።

የሰሜን ቁር በጽሑፍ የታወቀው ከብሩስ በፊት ከሺህ ዓመት የሚበልጥ ዘመን ቀደም ብሎ ነው። ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዓመት በአዱሊስ ወደብ የገለበጠው የድንጋይ ዙፋን ጽሑፍ፣ ስሙ ያልታወቀ አንድ የአክሱም ንጉሥ ያስገበራቸውን ሕዝቦች ሲዘረዝር፣ የሰሜን ሰዎች የሚኖሩት አመዳይና ውርጭ በማይለየው፣ ሰው እስከ ጕልበቱ በበረዶ በሚሰጥምበት ተራራ መሆኑን ያስረዳል። ዛሬም ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው ራስ ዳሸን በረዶ ጠቅሎ የሚታይበት ጊዜ አለ፤ በጊጭና በጨነቅ አምባ በታኅሣሥ ሌሊት ያደረ ውኃ ጧት ላዩ ረግቶ ይገኛል፤ የበየዳና የጃናሞራ ገበሬም ከበግ ጠጕር የተሠራ ባናውን ሳይደርብ አያድርም።

ግን ለምን? ተራራው ለፀሐይ ይቀርባል፣ ቆላው ይርቃል፤ ከደባርቅ ተነሥቶ በጣሊያን ወረራ ዘመን ገደሉ ተፈልፍሎ በተሠራው በልማሊሞ መንገድ እየተጠማዘዘ ወደ ድብ ባሕር የሚወርድ መንገደኛ ግን፣ ጧት የተከናነበውን ጋቢ ድብ ባሕር ሳይደርስ ከራሱ ላይ አውርዶ ትከሻው ላይ ይጥለዋል፣ ወደ አዲ አርቃይ ሲያልፍም ጭራሹን አጥፎ ያስቀምጠዋል። ለዚህ ምክንያቱ ስበት ነው። ምድር አየሩን ወደ ራሷ ስለምትስበው የላይኛው በታችኛው ላይ ይጫናል፤ ከቆላ ተነሥቶ ገደሉን ተከትሎ ሽቅብ የሚወጣ አየር ጫናው እየቀለለለት ሲሄድ ይሰፋል፣ ሲሰፋም ዙሪያውን ያለውን አየር ገፍቶ ነው፤ ለዚህ ድካም የሚያስፈልገውን ኀይል የሚያበድረው ስለሌለ ከገዛ ሙቀቱ ይከፍላል። ደረቅ አየር በ1,000 ሜትር መውጣት 9.8 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ እርጥበት ሲኖርበት ቅዝቃዜው ያንሳል፣ በአማካይ ወደ 6.5 ዲግሪ ይሆናል። ከገደል የተጣለ ድንጋይ በየሰከንዱ የሚጨምረው ፍጥነት 9.8 ሜትር መሆኑን የተማረ ሰው በሁለቱ ቍጥሮች መመሳሰል ቢገረም አይፈረድበትም፤ አንድ ኪሎ አየር በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 1,000 ጁል ገደማ ስለሚያስፈልግ፣ የስበቱን ቍጥር በዚህ ሲያካፍሉት የሚገኘው ያው የልማሊሞ ብርድ ነውና። የደባርቅ ብርድ እንግዲህ ከሰማይ የወረደ ሳይሆን አየሩ ሽቅብ ለመውጣት ለምድር ስበት የከፈለው ዋጋ ነው።

ይህንኑ ጫና በደባርቅ ማድ ቤት ውስጥም ማየት ይቻላል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል፣ ውኃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የባቄላ ንፍሮ የጣደች እናት ውኃው እየተንተከተከ ባቄላው አልበስል ሲላት ማገዶ ትጨምራለች፤ ነገር ግን የፈላ ውኃ እሳት በጨመሩለት ቍጥር እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ ሙቀቱ ከፍ አይልም። የጐደለው ማገዶ አይደለም፣ ከድስቱ በላይ ያለው የአየር ክብደት ነው።

ደረቅ አየር በዚህ ሕግ ሳያቋርጥ እየወጣ ይቀዘቅዛል ብንል፣ በባሕር ጠለል 15 ዲግሪ የነበረው አየር 29 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ ሙቀቱ አንዳች ሳይቀር ያልቅ ነበር፤ ክብደት ሙቀትን ጨርሶ ወሰደው ማለት ነው። እንዲህ ግን አይሆንም። በእኛ ሰማይ ላይ ቅዝቃዜው ከ16 እስከ 17 ኪሎ ሜትር ከፍታ ሲደርስ፣ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ ያለው የኦዞን አየር የፀሐይን ጨረር ስለሚይዝ ሙቀቱ እንደ ገና መጨመር ይጀምራል።

ለቁር ወለል እንዳለው አስቀድሞ የተመለከተው ፈረንሳዊው ጊዮም አሞንቶን ነው፤ በ1700ዎቹ መጀመሪያ ላይ የታሸገ አየር በቀዘቀዘ መጠን ግፊቱ እየቀነሰ መሄዱን አይቶ፣ ግፊቱ ጨርሶ የሚጠፋበት አንድ ወሰን ሊኖር ይገባል አለ። በ1848፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ዊልያም ቶምሰን ያንን ወሰን የመለኪያ መጀመሪያ አደረገው፤ ዛሬ ፍጹም ዜሮ የምንለው ከበረዶ መቅለጫ በታች 273.15 ዲግሪ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ጠቢባን ወደ ወለሉ ቍልቍል ተሽቀዳደሙ፤ ጄምስ ዴዋር በ1898 ሃይድሮጅንን ፈሳሽ አድርጎ ከዜሮ በታች ወደ 253 ዲግሪ ወረደ፣ ሆላንዳዊው ካመርሊንግ ኦነስም በላይደን ከተማ በ1908 ሂሊየምን ፈሳሽ አድርጎ 269 ዲግሪ ደረሰ። ወለሉን ግን የረገጠው የለም። ጀርመናዊው ቫልተር ኔርንስት በ1912 እንዳስታወቀው ፍጹም ዜሮን በተቈጠረ እርምጃ መድረስ አይቻልም፤ የቀረችው ሙቀት ባነሰች መጠን ቀጣይዋን ለማውጣት የሚጠይቀው ድካም እየበዛ ይሄዳል።

በዚህ ቦታ ላይ የፊዚክስ ሊቃውንት ፍርድ ከአራቱ ባሕርያት ትምህርት ይለያል። ቁር መዝገብ የለውም፤ የሙቀት መጕደል ነው እንጂ በራሱ የቆመ ህላዌ አይደለም። ይህን ስል አባቶችን ማቃለሌ አይደለም፤ ይልቁንም ታላቁ ባስልዮስ ስለ ክፋት ሲያስተምር ክፋት እግዚአብሔር የፈጠረው ህላዌ ሳይሆን የበጎ ነገር መጕደል ነው ያለው፣ ጨለማንም የብርሃን መታጣት አድርጎ የተረጐመው፣ ለዚህ አሳብ በር የሚከፍት መሆኑን ለማሳሰብ ነው። የእኛ ሥነ ፍጥረት ጨለማን ከሃያ ሁለቱ ፍጥረታት ጋር ስለሚቈጥር በሁለቱ መካከል ሊቃውንት የሚመላለሱበት ጥያቄ አለ፤ እኔ በበኩሌ ከባስልዮስ ጋር እቆማለሁ። መጽሐፍ ቅዱስን የፊዚክስ ምስክር አድርገው ለማቆም የሚጣደፉትን ሰዎች ግን አልከተልም፤ የዛሬው የፊዚክስ አሳብ ነገ ቢሻሻል መጽሐፉን አብረው ያሳፍሩታልና።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የጥንቱ ትምህርት እሳትን በባሕርዩ ቀላል፣ ወደ ላይ የሚያርግ አድርጎ ያየው ነበር። አንስታይን በ1905 ያስረዳው ግን ኀይል ሁሉ፣ ሙቀትም ጭምር፣ የራሱ ክብደት ያለው መሆኑን ነው፤ ስለዚህ ሙቀትና ስበት የማይተዋወቁ ናቸው የሚለው አባባል በዚህ ይፈርሳል። አንድ ኪሎ የፈላ ውኃ እስከ በረዶ መነሻ ድረስ ሲቀዘቅዝ በእርግጥ ክብደቱ ይቀንሳል፤ የሚቀንሰው ግን ከአንድ ግራም ቢሊዮን እጅ አምስቱ እጅ ያህል ስለሆነ ማንም ሚዛን አይሰማውም። ውኃውን እስከ ፍጹም ዜሮ አፋፍ ብናወርደውም ኪሎው ያው ኪሎ ነው። ምድር የምትስበው የቅንጣቶቹን መናወጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቁር ክብደትን በገፈፈው ነበር፤ የምትስበው ግን መኖራቸውን ነው፣ መኖርም በብርድ አይወሰድም።

ቁርን ያሳደዱት ጠቢባን ይህን በሥራቸው አይተውታል። ሂሊየም ከ2.17 ኬልቪን በታች ሲወርድ ፍትጊያ የሌለበት ፈሳሽ ይሆናል፤ በጽዋ ቀድተው ቢያንጠለጥሉት በስስ ሽፋን የጽዋውን ግድግዳ ተከትሎ ሽቅብ ይወጣል፣ ከንፈሩን ተሻግሮ በውጭ በኩል ይወርዳል፣ ከጽዋው ሥር ተጠራቅሞ እየተንጠባጠበ ጽዋውን ባዶ እስኪያደርግ ድረስ ይፈሳል። ሽቅብ ሲወጣ ያየው ሰው ስበትን ድል ነሣው ሊል ይችላል፤ ግን የሚወጣው ከመጀመሪያው ዝቅ ወዳለ ቦታ ለመውረድ ነው። በ2021 ደግሞ በጀርመን አገር በብሬመን ከተማ የሚሠሩ ጠቢባን የሩቢዲየም አቶሞችን ከአንድ ዲግሪ ትሪሊዮን እጅ 38ቱ እጅ ያህል ብቻ ሙቀት እስኪቀራቸው አቀዘቀዟቸው። ዘዴውን ልብ እንበል። አቶሞቹ በምድር ላይ ተይዘው ሳሉ ክብደታቸው አብረው የሠሩትን ጭጋግ ወደ ታች እየጐተተ ስለሚያበላሸው፣ መሣሪያውን በሙሉ 146 ሜትር ከፍታ ባለው ግንብ ውስጥ ለቀው ወደ ታች እንዲወድቅ አደረጉት፤ አምስት ሰከንድ በማይሞላው በዚያ ውድቀት ውስጥ ክብደት አይሰማምና አቶሞቹ ተረጋግተው ወደዚያ ቅዝቃዜ ደረሱ። ከስበት ያረፉት ስበትን በመሸሽ ሳይሆን ራሳቸውን ሙሉ በሙሉ ለእርሱ በመልቀቅ ነው፤ ለምንኩስና ሕይወት ከዚህ የቀረበ የፊዚክስ ነገር አላውቅም።

ይህም ሆኖ ያ ቅዝቃዜ ፍጹም ጸጥታ አይደለም። ከፍጡር ሙቀቱ ሁሉ ቢወጣ እንኳ አንድ እንቅስቃሴ ይቀራል፤ በጠባብ ቦታ የተወሰነ ቅንጣት ጨርሶ ሊቆም የማይችል መሆኑን ሃይዘንበርግ በ1927 ባወጣው መርሕ እንረዳለን። ሂሊየም በተራ የአየር ግፊት ምንም ያህል ቢቀዘቅዝ የማይረጋው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለማርጋት 25 የከባቢ አየር ያህል ጫና ያስፈልገዋል። ይህ እንቅስቃሴ ሙቀት አይደለም፣ ወደ ሌላ ሊተላለፍ፣ ሊሸጥ፣ ሊሰረቅ አይችልም፤ ብርድ እጁን ዘርግቶ ሊደርስበት የማይችል የፍጡሩ ድርሻ ነው።

ስበትና ፍጹም ዜሮ ፊት ለፊት የሚገናኙት ግን በሰማይ ነው። ስበት በከዋክብት ላይ የሚሠራው ሥራ ከተራራው ሥራ ተቃራኒ ነው፤ በልማሊሞ ላይ የሚወጣውን አየር ሲያቀዘቅዘው፣ ኮከብ ግን ሙቀቱን በጨረር በሰጠ ቍጥር ክብደቱ ወደ ውስጥ ያጨምቀዋል፣ ሲጨመቅም የበለጠ ይሞቃል። የቁርን ወለል የለካው ያው ሎርድ ኬልቪን ፀሐይ ሙቀቷን ሁሉ ከዚህ መጨመቅ ያገኘች መስሎት ዕድሜዋን አሳንሶ ቈጥሮታል፤ የአቶም እምብርት እሳት በዘመኑ አልታወቀምና። ያም እሳት አንድ ቀን ነዳጁን ይጨርሳል። ፀሐይ ከብዙ ቢሊዮን ዓመታት በኋላ የውጭ ልብሷን ጥላ፣ ምድርን በምታህል ክብ ውስጥ የተጨመቀች፣ ፈረንጆች ነጭ ድንክ የሚሏት ኮከብ ትሆናለች፤ ከዚያ ወዲያ ሥራዋ መቀዝቀዝ ብቻ ነው። ሲርየስ በተባለው ብሩህ ኮከብ አጠገብ እንዲህ ያለች አንዲት ዛሬም አለች።

እንግዲህ እሳቷ የጠፋ፣ ሙቀቷም ወደ ዜሮ የሚወርድ ኮከብ የራሷን ክብደት ምን ይሸከምላታል? ድሮ የተሸከመላት ሙቀቷ ነበር፤ ሙቀቱ ሲያልቅ ልትፈርስ ይገባት ነበር። እንግሊዛዊው ራልፍ ፋውለር በ1926 መልሱን አገኘ፤ የሚሸከምላት ቀደም ብለን ያየነው፣ ቁር የማይወስደው እንቅስቃሴ ነው። ኤሌክትሮኖቹ በጠባብ ቦታ ሲጨናነቁ ያለ ምንም ሙቀት የሚንቀሳቀሱት እንቅስቃሴ፣ ፀሐይን የሚያህል ክብደት ደግፎ ያቆማል። ሕንዳዊው ቻንድራሴካር በ1930፣ ገና 19 ዓመቱ ሳለ፣ ለትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር በመርከብ ሲጓዝ ለዚህ መሸከም ወሰን እንዳለው አሰላ፤ ወሰኑ ዛሬ ከፀሐይ ክብደት 1.4 እጥፍ ገደማ መሆኑ ታውቋል። ከዚያ የሚከብደው ይደረመሳል፤ እጅግ የከበደውም ብርሃን እንኳ የማይወጣበት ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። ስቴፈን ሆኪንግ በ1974 እንዳሰላው ፀሐይን የሚያህል ጥቁር ጉድጓድ ያለው ሙቀት ከአንድ ዲግሪ ቢሊዮን እጅ 60ው እጅ ያህል ብቻ ነው፤ በከበደም መጠን ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ስበት ከሁሉ የሚበረታበት ቦታ ለፍጹም ዜሮ እንዲህ የቀረበ መሆኑ፣ እርሱም ቢሆን ዜሮን አለመንካቱ፣ አእምሮን በአድናቆት የሚያስቆም ነገር ነው።

ከዚህ ሁሉ የማገኘው ፍርድ ይህ ነው። ከፍጡር ላይ ሊወሰድ የሚችለው ሁሉ ቢወሰድ ሁለት ነገር ይቀራል፤ አንዱ የሚጫነው ክብደቱ፣ ሁለተኛው ክብደቱን የሚሸከምበት፣ ሊነጠቅ የማይችል እንቅስቃሴው። ሁለቱንም ፍጡሩ ሠርቶ አላገኛቸውም፤ ከመፈጠሩ ጋር ተሰጥተውታል። ሙቀት ከውጭ ይመጣል፣ ወደ ውጭም ይሄዳል፣ በእርሱም ላይ የሚመካ ሰው በተውሶ ልብስ የሚመካ ነው። ከልማሊሞ በታች ባለው ቆላ የሚኖሩት የዋልድባ መነኮሳት እህል ትተው ቋርፍ እየበሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዕድሜያቸውን ሲጨርሱ፣ ብዙ ሰው የሚፈልጉት ባዶነትን፣ ከሥራ ሁሉ መቆምን ይመስለዋል። እኔ ግን ከራሳቸው ላይ የሚያራግፉት የተውሶውን እንደ ሆነ፣ የሚፈልጉትም ሁሉ ከተራገፈ በኋላ ሳይራገፍ የሚቀረውን፣ ሸክምን የሚሸከመውን እንደ ሆነ አምናለሁ። እግዚአብሔር በሰባተኛው ቀን ማረፉን ኦሪት ያስተምራል፤ ያ ዕረፍት ከሥራ መለየት አለመሆኑን ግን ከዮሐንስ ወንጌል 5ኛ ምዕራፍ እንማራለን። ፍጹም ጸጥታ የሞት ዕረፍት ነው፤ እርሱን ደግሞ ፈጣሪ ለድንጋይ እንኳ አልሰጠም። በሠለስቱ ደቂቅ ጸሎት እሳትና ሙቀት ብቻ ሳይሆኑ ቁርና አመዳይም እግዚአብሔርን ለማመስገን የተጠሩት፣ በእኔ እምነት፣ በብርድ ውስጥ ያለ ፍጡርም የሚያመሰግንበት እንቅስቃሴ ስላልጠፋው ነው።

በጎንደር ከተማ የመጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤ ቤቱና የዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ክፍል በእግር የሚደረስባቸው ጎረቤታሞች ናቸው፤ ደባርቅም ዛሬ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። የሁለቱ ወገን መምህራን በእነዚህ ነገሮች ላይ አብረው ሊቀመጡ ይገባል ብዬ አጥብቄ እለምናለሁ። ለመጀመሪያው ቀን ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም፤ በጥር ወር፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ አንድ ቴርሞሜትር በደባርቅ፣ አንድ በድብ ባሕር ጥላ ሥር ይሰቀል፤ ልዩነቱን የአብነት ተማሪውና የዩኒቨርሲቲው ተማሪ አብረው ያንብቡት፣ በከፍታውም ልዩነት ያካፍሉት፣ የተገኘውንም ቍጥር ለየመምህራቸው ይዘው ይሂዱ።